ራሂማ ኩታበር ምን አላት?

እህታችን ሙና እንደምትለው አባታችን የጠዋቱን እንቆቅልሽ የሚፈቱት ራሳቸው ናቸው። ስልኩን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ አሥራ ስድስቱን ቃላት እያነበቡ፣ የሚዛመዱትን አራት አራት አድርገው ይመድባሉ፤ እሷ ሻይ ከማቅረብ በቀር እጇን አታስገባም። ታላቅ ወንድማችን ከሊድ እንደሚለው ደግሞ አባባ ስልኩን ከመያዝ ያለፈ ሥራ የላቸውም፤ የምትፈታው ሙና ናት፤ በየቀኑ ተፈትቶ የምትልክልን ምስል የእሷው ሥራ ነው።

ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ። ሙና ለክፋት አትዋሽም፤ ከሊድም ለክፋት አይጠረጥርም። ስለዚህ ቅዳሜ ማለዳ ከደሴ በሚኒባስ ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ።

ነገሩ ጨዋታ ቢመስልም ጨዋታ አልነበረም። ክረምት ላይ አባባ ፀጉር ልስተካከል ብለው ከቤት ወጥተው ሐርቡ ከተማ ተገኙ። እንዴት እንደደረሱ አያውቁም። ሐኪሙ አእምሮን የሚያሠራ ነገር አይለያቸው ስላለ፣ በቴሌግራም በየቀኑ የሚወጣውን ይህን የቃላት ጨዋታ ሙና አስለመደቻቸው። እኛም ተስማማን፤ በራሳቸው እስከፈቱት ድረስ እዚያው ኮምቦልቻ ቤታቸው ይኖራሉ፤ ሲያቅታቸው ደሴ ከሊድ ዘንድ ይወጣሉ። አባባ የደሴን ብርድ አይወዱም። ከብርዱ በላይ ግን እናታችን ራሂማ የተቀበረችው ኮምቦልቻ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ጁምዓ ሳያጓድሉ መቃብሯን ዘይረዋል።

ስገባ ሙና ለፋብሪካ ሥራዋ ለባብሳ አጠገባቸው ተቀምጣለች።

«አሰላሙ አለይኩም፣ አባ።»

«ወአለይኩም ሰላም። ሙንዚር ነህ? ከስተሃልሳ። ከሊድ አያበላህም እንዴ?»

«ሰላይ ሆኖ ነው የመጣው፣ አባ» አለች ሙና። «ሻይ አይገባውም።»

ሻዩን ግን ቀዳችልኝ።

የዕለቱ ርዕስ ጂኦግራፊ ነበር። አባባ ሠላሳ ዓመት አይሱዙ ነድተዋል፤ አገሩን የሚያውቁት ከመሪው ኋላ ሆነው ነው። ተራራ፣ ሐይቅ ብለው አይመድቡም። ጦሳን፣ አዝዋን፣ ጉናንና ራስ ደጀንን ነካ ነካ አደረጉና «እነዚህ ማርሽ ያስቀንሱሃል» አሉ። ትክክል ነበር። ጣናን፣ ዝዋይን፣ ሐዋሳንና አርዲቦን «እነዚህን ዞረህ ነው የምታልፋቸው» አሉ። ይህም ትክክል ሆነ። ለከሊድ ልደውልለትና ልስቅበት አሰብኩ።

ስምንት ቃላት ቀሩ። አራቱ ወንዞች ናቸው፤ አራቱ የእኛው አካባቢ ቦታዎች። አባባ ቀስ ብለው ሐርቡን ነኩ፣ ቀጥለው ቦርከናን፣ ገራዶን፣ ቦሩ ሜዳን።

ሙና ጣቷን ወደ ስልኩ ሰደደች። ሳላስበው እጇን ያዝኩት። ቀና ብላ አየችኝ። የከሊድ ክስ ግማሹ እውነት መሆኑን ያን ጊዜ አወቅሁ።

ስልኩ «አንድ ቃል ብቻ ሳቱ» አለ።

«ቦርከናን ያውጡና ኩታበርን ያስገቡ፣ አባ» አለች ሙና በለሆሳስ። «ቦርከና ወንዝ ነው።»

«ወንዝ መሆኑን አጣሁት? ድልድዩን ስንት ጊዜ ተሻግሬው!» መነጽራቸውን አወለቁ። «ሐርቡ ተወለደች። ቦርከና ድልድዩ አጠገብ መኪና አስቆመችኝ፤ ከእናቷ ጋር፣ ሁለት ጆንያ ማሽላ ይዛ። ገራዶ ጎጆ ወጣን። አሁን ቦሩ ሜዳ ሐኪም ቤት ተኝታለች። ራሂማ ኩታበር ምን አላት?»

መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁ።

«ዛሬ ትወጣለች ብለውኛል» አሉ። «እንኳን መጣህልኝ፣ ሙንዚር። አብረን እናመጣታለን።»

ትናንት ከመቃብሯ የተመለሱበት ጫማ ደጃፉ ላይ ነው፤ ጭቃው ገና አልደረቀም።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» አልኳት ሙናን፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«ሁልጊዜስ አይደለም። ሲጠይቁኝ እውነቱን እነግራቸዋለሁ፤ እናንተን እንጂ እሳቸውን መዋሸት አልቻልኩም። ያለቅሳሉ፤ በማግስቱ ይረሱታል። ደሴ ከወጡ ግን ጁምዓቸውን ማን ይሰጣቸዋል?»

«ምኑን ነው የምትነግሪኝ?» አሉ አባባ። ጆሯቸው እንደ ድሮው ነው።

ሙና እጃቸውን ያዘች። «አባ፣ እማ ከሞተች ሦስት ዓመት ሆናት።»

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።» ገና አሁን መርዶ እንደሰማ ሰው አሉት። ጉልበታቸው ላይ ያለው ስልክ መብራቱ ጠፋ። እኔ ግድግዳ ግድግዳውን አየሁ፤ እጇን ባልያዝኩት ኖሮ ብዬም ተመኘሁ።

በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉና ወደ ሙና ዞሩ። «ይህን ስንት ጊዜ ነግረሽኛል?»

«አልቆጠርኩትም፣ አባ።»

«ፋብሪካ የምትገቢው እንዲህ ሆነሽ ነው?»

ፊቷን አዞረች። ዓይኗ አብጦ ነበር። እስካሁን ያላየሁት ስላልፈለግሁ ነው።

«ለከሊድ ደውልልኝ» አሉኝ።

ደወልኩ፤ ድምፁ ለሁላችን እንዲሰማ አድርጌ ስልኩን ሰጠኋቸው። ከሊድ ሰላምታውን ሳይጨርስ አቋረጡት።

«ስማኝ፣ ከሊድ። ይቺ ልጅ በየጠዋቱ እናቷን እየቀበረች ሥራ ትገባለች። ይበቃታል። ደሴ እወጣለሁ። ጁምዓ ጁምዓ ግን ታወርዱኛላችሁ። ብረሳም አውርዱኝ።»