የሮም ሽማግሌዎች

ሰርግ ሰልችቶኝ ነው ሮምን የሠራሁት። ከዱርቤቴ እስከ ቡሬ ያለ ሙሽራ ሁሉ በእኔ ካሜራ ፊት ኬክ ጎርሷል፣ እግሩን እየጎተተ ምንጣፍ ላይ ተራምዷል፣ ወደ ድሮኑ አንጋጦ እጁን አውለብልቧል። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ሰው መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ያምሮት ብሎ አይጠራኝም፤ «የሰርጓ ልጅ» ነው የሚለኝ። አንድ ቀን አንገፈገፈኝና ለራሴ ማልኩ። ማንም የማይዳርበት፣ ማንም የማይሳሳምበት፣ መጨረሻው ላይ ሰው ክልትው ብሎ የሚሞትበት ፊልም እሠራለሁ። ርእሱን «ደም በሮም» አልኩት። ፖስተሩንም ከፊልሙ በፊት አሳተምኩ፤ ወደ ኋላ እንዳልል።

ታሪኩ ቀላል ነው። ቄሳር ቴርንቲዮስ ድል አድርጎ ይመለሳል፤ ታናሽ ወንድሙ ሉቅዮስ በሽማግሌዎች ሸንጎ መካከል በጩቤ ይወጋዋል፤ ሮም ታለቅሳለች፤ አለቀ። ሁለቱንም ሰዎች ከራሴ ነው ያመነጨኋቸው፤ የታሪክ አስተማሪ እንዳይጨቀጭቀኝ።

ሮምን ለማግኘት ሩቅ አልሄድኩም። ዋናው መንገድ ዳር ባለቤቱ ጀምሮ የተወው ሕንፃ አለ። ምሰሶ አለው፣ ጣሪያ የለውም፤ ሮም ከዚህ በላይ ምን ትሆናለች? ከምሰሶዎቹ አናት የተንጨፈረረውን ብረት በቅጠል ሸፈንን። ብሎኬቶቹን እብነ በረድ እንዲመስሉ ኖራ ቀባናቸው። የወታደሮቹ ራስ ቁር ከቆርቆሮ ተሠራ፤ አናቱ ላይ የቆመው ቀይ ጎፈር ቀለም የተነከረ መጥረጊያ ነበር።

ሠረገላው የባለጋሪው የይታገሱ ጋሪ ነው። ጋሪውን ወርቅማ ቀለም ቀባነው፤ የፈረሱን ጠባይ ግን የሚቀባ ቀለም የለም። ቄሳር በድል ሲገባ ሕዝቡ እጁን እያነሣ ሆ ይላል። ሕዝቡ እጁን አነሣ፤ ፈረሱም ቆመ። እጁን ያነሣ ሰው ካየ ቆሞ መጫን ነው የለመደው። «ንዳው እንጂ» ብዬ ብጮህ ይታገሱ ትከሻውን ሰበቀ። «ሰው ካልወጣ አይንቀሳቀስም። እኔም ብለምነው እንቢ ይለኛል» አለኝ። ከገበያ የሚመለሱ አንዲት ሴትዮ ነገሩ ገብቷቸው ዶሯቸውን እንደያዙ ተሳፈሩና ሠረገላው ሄደ። እስከ ዛሬ ፊልሙ ውስጥ አሉ። ቄሳር ጠላቱን ድል አድርጎ ሲገባ ከኋላው ዶሮ የታቀፉ ሴትዮ ተቀምጠዋል።

የድሉ ግብዣ ደግሞ ዓርብ ላይ ዋለ። ዓርብ ቀን ሥጋ የሚጎርስ ሮማዊ በምዕራብ ጎጃም ፈልጌ አጣሁ። አስመስሉ ብልም የሚሰማኝ አልተገኘም። የሮም መኳንንት የሽንብራ ዓሣ በሉ።

ይህን ሁሉ የቻልኩት ለመጨረሻው ትዕይንት ስል ነው። ቄሳርና ሉቅዮስን የመረጥኳቸው በትወና ችሎታቸው አይደለም፤ ስለማይነጋገሩ ነው። ጌታሁንና መሐሪ የአንድ እናት ልጆች፣ ድንበርተኛ ገበሬዎች ናቸው። መሐሪ፣ ታናሹ፣ በጌታሁን ጤፍ ዳር ባሕር ዛፍ ተከለ። ዛፉ ውሃውን እየመጠጠ ጤፉን አቀጨጨው። መሐሪ ባሕር ዳር በሄደበት ጌታሁን ዛፉን ከሥሩ ቆርጦ ጠበቀው። ከዚያ ወዲህ አንዱ በገባበት ለቅሶ ቤት ሌላው አይገባም። ጌታሁንን ንጉሥ ትሆናለህ ስለው እሺ አለ። መሐሪ ግን ጥቂት አስቦ «ማንን ነው የምወጋው?» አለኝ። ነገርኩት። ሌላ ነገር አልጠየቀም። እንዲህ ያለ ጥላቻ በልምምድ አይመጣም፤ አገኘሁት፣ ተጠቀምኩበት። አላፈርኩም።

የቀሩኝ የሸንጎው ሽማግሌዎች ብቻ ነበሩ። የመንደሩን ሽማግሌዎች ሄጄ ለመንኳቸው፤ ጋቢያቸውን እንደለበሱ ቢመጡልኝ ልብስ ማሰፋት አያስፈልገኝም። ታላቃቸው የኔታ ገብረሰንበት አስተናገዱኝ።

«እነዚህ ሮማውያን የተጠመቁ ናቸው?» አሉኝ።

«ከጌታ ልደት በፊት የነበሩ ናቸው፣ የኔታ።»

«እንግዲያስ አይፈረድባቸውም። ወንድም ወንድሙን ሲወጋ ሽማግሌዎቹ ምን ያደርጋሉ?»

«ቁጭ ብለው ያያሉ።»

ከዘራቸውን ትክ ብለው አዩት። «ጌታሁንና መሐሪ በአንድ ቀን፣ በአንድ ቦታ ይገኛሉ? ተይ እውነቱን ንገሪኝ፣ ልጀ።»

«ይገኛሉ። እናንተም ዙሪያቸውን ትከባላችሁ።»

«እሺ» አሉ። ያንን እሺ ያኔውኑ ብመረምረው ጥሩ ነበር።

ቀኑ ደረሰ። የፊልሙ ካሜራ ከባሕር ዳር የተከራየሁት ስለሆነ አመሻሽ ላይ በሚኒባስ መመለስ አለበት፤ ስለዚህ ቄሳር ዛሬ ካልሞተ መቼም አይሞትም። ብርሃኑ በምሰሶዎቹ መካከል ገብቶ ወለሉ ላይ ተኝቷል፤ በሥራዬ እንዲህ ያለ ብርሃን አግኝቼ አላውቅም። ሽማግሌዎቹ ክብ ሠርተው ተቀመጡ። ከበስተኋላ ቄሳር ሲሞት የሚያለቅሱልኝ ሴቶች ቆመዋል። ከመካከላቸው የወንድማማቾቹን እናት እማማ ገላነሽን አየሁ። አልጠራኋቸውም፤ ቢሆንም አልቃሽ በዝቶ አያውቅም ብዬ ተውኳቸው።

መሐሪ ወደ ወንድሙ ተጠጋ። ዓይኑ ራሱ ያስፈራል። «ሮም ለሁለታችን ትጠባለች» አለ፣ የሰጠሁትን ቃል።

«ሮም የአባታችን ናት» አለ ጌታሁን፣ እሱም የተሰጠውን።

መሐሪ የእንጨቱን ጩቤ መዘዘ። ያን ጊዜ የኔታ ተነሡ። ሽማግሌዎቹም ተከትለዋቸው ተነሡ።

«ተው» አሉ የኔታ።

ተው የሚል ቃል አልጻፍኩም። «የኔታ፣ እርስዎ እኮ እዚህ ላይ ንግግር የለዎትም» አልኩ።

«አውቃለሁ፣ ልጀ። ግን ሮምም ብትሆን ሽማግሌ ተቀምጦ እያየ ወንድማማች አይጋደልም። እንዲህ ያለ ሸንጎ አናውቅም።» ወደ ሁለቱ ዞሩ። «ስንት ዘመን ለመናችሁ፤ አንዱ ሲመጣ ሌላው ይሸሻል። ዛሬ እግዜር በዚች ልጅ ምክንያት አንድ ላይ አዋላችሁ። አንተ መሐሪ፣ ባሕር ዛፍ የሰው ውሃ እንደሚጠጣ እያወቅህ ተከልህ። አንተም ጌታሁን፣ ሽማግሌ ሳትጠይቅ፣ ባለቤቱ በሌለበት ቆረጥህ። እናታችሁ በቁሟ ሁለት ቤት ሆነች።»

ጌታሁን የቆርቆሮ ዘውዱን አወለቀ። መሐሪ ጎንበስ ብሎ ኖራ የቀባነውን ብሎኬት አነሣና ትከሻው ላይ አደረገው፤ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ድንጋይ እንደሚሸከመው። ኖራው በቀይ ካባው ላይ ተራገፈ።

«ማረኝ፣ አያ» አለ።

«እግዜር ይማርህ» አለ ጌታሁን። «እኔንም ማረኝ።» ብሎኬቱን ከትከሻው ተቀበለው።

«ይቅር ለእግዚአብሔር በሉ» አሉ የኔታ። ተባባሉና ተሳሳሙ፤ ማንም በማይሳሳምበት ፊልም ውስጥ። አልቃሾቼ እልል አሉ።

ደሜ ፈላ። እኔ ጠባቸውን ለፊልሜ ልጠቀምበት ስል ሽማግሌዎቹ ፊልሜን ለእርቃቸው ተጠቅመውበታል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ፣ ያለ አንድ ልምምድ፣ ከእኔ የተሻሉ ተዋናዮች ነበሩ። ምሰሶ ተደግፌ ተቀመጥኩ። ፖስተሩ ታትሟል፤ ሚኒባሱ ይሄዳል፤ ነገ ደግሞ የማንቆርቆሪያ ሽልማት የሚበዛበት ሰርግ አለብኝ።

መሐሪ መጥቶ ከፊቴ ቆመ። «እቴ ያምሮት፣ አንችም ደክመሻል። የእንጨት ጩቤ ነው፤ ልውጋልሽ» አለኝ።

«ይውጋኝ» አለ ጌታሁን። «ለአንች ሲባል።»

የኔታን አየኋቸው። «ከእርቅ በኋላ በጨዋታም አይሆንም» አሉ። «ይሁን እንጂ ድካምሽን አይተናል። እኛ አናይም።» ይህን ብለው ፊታቸውን ወደ ምሰሶው አዞሩ። ሽማግሌዎቹ ሁሉ ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ ጀርባቸውን ሰጡን። መላው ሸንጎ ምሰሶ እያየ ቆመ፤ ለፊልም ከዚህ የበለጠ ምስል ተመኝቼ አላገኝም።

ካሜራውን ከፈትኩ። መሐሪ ጩቤውን ከፍ አደረገ። ጌታሁን ደረቱን ሰጠ፤ ሁለቱም ያለቅሳሉ። ሁሉም ነገር እንደተመኘሁት ነው። ብርሃኑም አልጠፋም። ከጌታሁን ትከሻ በላይ ግን እማማ ገላነሽ በሌንሱ ውስጥ ገቡ። አልጮኹም። ሁለት እጃቸውን ወደ ፊት ዘርግተዋል፣ ሊወድቅ ያለ እንስራ ከሩቅ እንዳየ ሰው። የእንጨት መሆኑን ያውቃሉ፤ እጃቸው ግን አያውቅም።

ይህን ሞት ለማግኘት ስንት ሙሽራ አስጨፍሬያለሁ።

«በቃ» አልኩ። «ጩቤውን ጣለው፣ መሐሪ።»

እማማ ገላነሽ እጃቸውን ቀስ ብለው አወረዱ። «አለቀ፣ ልጀ?» አሉኝ።

«አለቀ፣ እማማ።»

ካሜራው አመሻሽ ላይ ሄደ። «ደም በሮም» በከተማው አዳራሽ ሲታይ በእማማ ገላነሽ የተዘረጉ እጆች አለቀ እንጂ አንድ ጠብታ ደም አልነበረበትም። ከባሕር ዳር የመጣ አንድ ዘናጭ ልጅ ተነሥቶ ደሙስ የት አለ ብሎ ጠየቀኝ። ከፊት ረድፍ እማማ ገላነሽ በሁለቱ ልጆቻቸው መካከል ተቀምጠው ነበር፤ እሱን ትቼ እሳቸውን ሳይ ነው ያመሸሁት። ደስ አለኝ። ደስ በማለቴም ተናደድኩ።

ባለፈው ሳምንት ከቡሬ ሦስት ሽማግሌዎች ቤቴ ድረስ መጡ። ሁለት የአክስት ልጆች ተኳርፈው አላስቀምጥ ብለዋቸዋል፤ አንደኛው ቁመና አለው፣ ንጉሥ ይወጣዋል አሉኝ። ነገሩን ቁርጥ አድርጌ ነገርኳቸው። በዚህኛው ፊልም ሰው መሞቱ አይቀርም።

እርስ በርሳቸው ተያዩ። «እሺ» አሉ።

ያንን እሺ አውቀዋለሁ። ቢሆንም ለቄሳሩ ዘውድ የሚሆን ቆርቆሮ ገዝቻለሁ።