ከባዶ በታች የወጣው ጋላክሲ

ሂልከ ልጅ ሳለች በሰፈራቸው ቤተክርስቲያን ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ ሰምታለች። አንዱ በቧንቧዎቹ የሚዘምረው የትልቁ ኦርጋን ጠጋኝ ነበር፤ ሌላው ቄሱ ይሁን ደወል ደዋዩ ተምታቶባታል።

«ይቺ ቧንቧ ሞታለች፤ ንቀላት።»

«አልሞተችም» አለ ጠጋኙ። «ጎረቤቷ ናት የምትጮኸው። መጀመሪያ እሷን ዝም ላሰኛት።»

ቧንቧዋ በኋላ ድምፅ ታውጣ አታውጣ አታስታውስም።

ዛሬ ሂልከ ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው። ግሮኒንገን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሥነ ፈለክ ክፍል ጸሐፊ ሆና ገብታ፣ ተመራማሪዎቹ ሲያወሩ እያዳመጠች፣ ከሳተላይት የሚመጣውን፣ በዓይን የማይታየውን የኤክስሬይ ብርሃን ምስል ማንበብ ራሷን አስተምራለች። አሁን ከፕሮፌሰር ሬይንደር ጋር አርባ ጋላክሲዎች ይዘዋል። መሃላቸው ላይ ያለው ብላክ ሆል፣ ያ የቀረበውን ሁሉ የሚውጥ ጥቁር ጉድጓድ፣ እንደሌሎቹ አይንቦገቦግም፤ ትንሽ ትንሽ እየቀማመሰ የሚያንቀላፋ ዓይነት ነው። እንዲህ የደከመውም ኤክስሬይ ይረጭ እንደሆነ ነው የሚፈልጉት። ሠላሳ ዘጠኙ ይረጫሉ። አሥራ ሰባተኛው ግን ልኬቱ ከባዶ በታች፣ ከዜሮ ያነሰ ወጣ።

«ብርሃን የሚበላ ጋላክሲ አገኘን!» አለ ሬይንደር የአይብ ዳቦውን እየገመጠ። «በይ ሰርዢው፤ የጥናት ጽሑፋችን ዓርብ ለመጽሔቱ ይላካል።»

«ከባዶ በታች ብርሃን አለ እንዴ?»

«የለም። ለዚህ ነው ሰርዢው የምልሽ።»

ከተሰረዘ ግን ሳተላይቱ ዳግም ፊቱን ወደዚያ አያዞርም። ሂልከ ጠዋት ስትጸልይ የታመሙትን በስም ትጠራለች፤ በማግስቱ አሥራ ሰባተኛውንም ከመጨረሻ ጨመረችው፤ ፈጣሪ ይቅር ይበላት። ከዚያ ቢሮ ገብታ ምስሉን ከፈተችው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ጋላክሲው መሃል ላይ ክብ ይሰመርና የብርሃን ቅንጣቶቹ ይቆጠራሉ፤ አጠገቡ ባለ ባዶ ሰማይ ላይ ሌላ ክብ ይሰመርና ያኛው ከዚህ ይቀነሳል። ሬይንደር ሁለተኛውን ክብ ሃያ ዓመት ሙሉ በስተቀኝ ነው የሚያሰምረው፤ ካፖርቱን ሁልጊዜ አንድ ሚስማር ላይ እንደሚሰቅለው ሁሉ። በአሥራ ሰባተኛው ቀኝ ደግሞ አንዲት ኮከብ ኤክስሬይዋን ትረጫለች፤ ለዚህ ነው የተቀነሰው ከተቆጠረው የበለጠው። ሂልከ የኦርጋኑ ጠጋኝ ትዝ አላት።

«ባዶ ብለህ የቀነስከው ሰማይ ውስጥ ኮከብ ተቀምጣለች» አለችው።

ሬይንደር አየ። ጆሮው ቀላ። «እሺ፣ ክቡን ወደ ግራ አዙሪው።»

«አላዞርም።»

«ደግሞ ምን ሆንሽ?»

«መልሱን ካየን በኋላ ደስ እስኪለን ክብ ብናንከራትት፣ መጀመሪያ የምትጮኸው አንተ ነህ። ያን እንግዳ ተመራማሪ አምና በዚሁ ነገር አላስለቀስከውም?»

«አስነጠሰው እንጂ መቼ አለቀሰ!»

«ግማሽ ሰዓት ሙሉ?»

ሬይንደር ሳቁን ዋጠ። «ታዲያ ምን ይሁን?»

«አርባዎቹም እንደ አዲስ ይለኩ። ስማቸው ይሸፈን፣ መሃላቸው ይሸፈን፤ ባዶውን ቦታ ደግሞ ከሁለታችን ውጪ ሌላ ሰው ይምረጥ።»

«አርባዎቹም! አንቺ ሴትዮ፣ ዓርብ እኮ ነገ ነው!»

«ዓርብ በየሳምንቱ ይመጣል።»

«ያኔም ባዶ ቢወጣስ?»

«በገዛ እጄ እሰርዘዋለሁ።»

ሬይንደር መነጽሩን አውልቆ በሹራቡ ጠረገ፤ ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን «ዓርብ» አየ፤ በእጅጌው አጠፋው።

«በክፍላችን ደንብ ደግሞ» አለች ሂልከ፣ «ስህተት የተገኘበት ሰው ኬክ ያመጣል።»

«ኬኩንም?»

«የፖም ይሁን።»

«እሺ» አለ ሬይንደር፣ «አርባዎቹንም፣ ኬኩንም።»