ስድስት ቀን ያደመ ሆድ

እማ ከድጃ ኮምቦልቻ፣ ልጃቸው ቤት በገቡ በአምስተኛው ቀን የሆድ ድርቀቱ ጠንቶ ሆዳቸው እንደ ድቤ ተወጠረ። ልጃቸው ሚስባህ በጣቱ ነካ ቢያደርገው ድው አለና፣ ፎቅ ላይ ያሉ ጎረቤቶች መንዙማ የተጀመረ መስሏቸው ነጠላቸውን ለብሰው ወረዱ ይባላል።

ያልተሞከረ መድኃኒት የለም። ጧት በባዶ ሆድ ለብ ያለ ውሃ፣ አስከትሎ የተልባ ብጥብጥ፣ ቀትር ላይ ጎመንና ምስር፣ ማታ የሰው ራስ የሚያህል ፓፓያ። የፋርማሲው ልጅ "በእግር ይንቀሳቀሱ" ስላለ፣ ምራታቸው ፋኢዛ ክንዳቸውን ይዛ ኮንዶሚኒየሙን አሥር ጊዜ አዞረቻቸው። የቀረበላቸውን በሉ፣ ጠጡ፣ ዞሩም። ጠብ ያለ ነገር ግን የለም።

ምስጢሩን የሚያውቁት እሳቸውና ሆዳቸው ናቸው። የዚያ ቤት መጸዳጃ በሩ የሚከፈተው ሳሎን ላይ፣ ከሶፋው ፊት ለፊት ነው። የመጡ ዕለት ገብተው ሊቀመጡ ሲሉ፣ ውጭ እንግዳ ቆሎ ሲቆረጥም ተሰማቸው። የሱ ቆሎ ለሳቸው ከተሰማ፣ የሳቸውስ ለሱ? ጉሮሯቸውን ቢጠርጉ እንግዳው "አብሽሩ እማ!" አላቸው። ወጡ። ለውሃ ሽንት ካልሆነ ተመልሰው አልገቡም።

በሐፍረት የተጀመረው ነገር በሦስተኛው ቀን አድማ ሆነ። ሚስባህ "እማ፣ ለደሴው ቤትሽ ተከራይ አግኝቻለሁ፤ ከእንግዲህ እዚሁ ነሽ" ያለ ለት።

"ይህ ሆድ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ግቢዬ ካልገባ አይፈታም" አሉት።

"እማ፣ ሆድ ሰፈር ያውቃል እንዴ?"

"ያንተ አያውቅ ይሆናል። የኔ ሰባ ዓመት እዚያው ነው የኖረ።"

"ሐኪም ቤት ልውሰድሽ።"

"ወላሂ ደሴ ካልሆነ እግሬን አላነሳም። ከቀበራችሁኝም ከነተልባዬ ነው።"

ፋኢዛ ባሏን ጎሸም አደረገችው። "ውሰዳቸው፤ የገበያው ፓፓያም አልቋል።"

በስድስተኛው ቀን ሚኒባስ ተሳፈሩ። ዳገቱ ሲጀመር አድማው በገዛ መሪው ላይ ተነሳ። መኪናዋ በዞረች ቁጥር የስድስት ቀን ተልባና ጎመን "ደረስን ወይ?" እያለ ይጎተጉታቸው ጀመር። እማ ከድጃ ዓይናቸውን ጨፍነው ዚክር ያዙ።

"እማ፣ አመመሽ? ላስቁመው?"

"ብታስቆም አልምርህም።"

ከፊት አንድ አይሱዙ ጎማ ሊቀይር መንገዱን ዘግቶ ቆመ። ያን ጊዜ እሳቸው የያዙትን ያህል የያዘ ግድብ በአገር የለም።

ቧንቧ ውሃ ሲደርሱ ጎረቤታቸው ፀሐይነሽ "እንኳን ደህና መጡ" ብላ ልትስማቸው ብትመጣ፣ በእጃቸው ገለል አድርገዋት አለፉ። በግቢያቸው ጥግ ያለው የቆርቆሮ በር ተዘጋ። ከዚያ የሆነውን ፀሐይነሽ ስታወራ ሆጤ ሰፈር ድረስ ተሰማ ትላለች። የሆጤ ሰዎችማ ነጎድጓድ መስሏቸው ያሰጡትን በርበሬ አስገብተዋል።

ሚስባህ በሩ ላይ ቆሞ "እማ፣ ተሳካ?" አለ።

"አልሐምዱሊላህ።"

"በይ ውጪ፣ ዕቃሽን እንሸክፍና እንመለስ።"

"አልወጣም።"

"ምነው?"

"መጀመሪያ ለተከራዩ ደውል።"

"እዚያው ተቀምጠሽ?"

"ስድስት ቀን አለማስወጣት የቻልሁ፣ ስድስት ቀን አለመውጣት ያቅተኛል?"

ሚስባህ ፀሐይነሽን አየ። ፀሐይነሽ አፏን በነጠላዋ ይዛ ሰማይ ሰማይ ታያለች። ስልኩን አወጣና ፈንጠር ብሎ ያንሾካሹክ ጀመር።

"ጮክ በል" አሉት በቆርቆሮው ቀዳዳ፤ "እዚህ መሰማማት ነውር አይደለም።"

"ሄሎ ምንይሉ፣ ቤቱ አይከራይም" አለ ጮክ ብሎ። "ሰው ገብቶበታል።"

"ማን ቀደመኝ?" አለ ተከራዩ።

ሚስባህ ወደ ቆርቆሮው በር አየ።

"ባለቤቷ" አለው።

መቀርቀሪያው ከውስጥ ቀጭ ብሎ ተከፈተ።