ውሃ የሚጠጣው ገንዳ

ይግዛው ደክሞታል። የሥራ ድካም ቢሆን ተኝቶ ሲነሳ ይለቀው ነበር። ይሄ ግን ሌባ የመባል ድካም ነው፤ እንቅልፍ አያወጣውም።

ንፋስ መውጫ ላይ መዋኛ ገንዳ መቆፈር በሁዳዴ ሥጋ ቤት እንደ መክፈት ነው። ጋሼ ዳኛቸው ግን ሆቴላቸውን ሲያሠሩ «ባሕር ዳር ያለው እኛ ዘንድ የማይኖረው ለምንድን ነው?» ብለው ሰማያዊ ሴራሚክ የለበሰ ገንዳ አሠሩ። እስካሁን የዋኘበት ሰው የለም። ሙሽሮች ዳር ዳሩን ቆመው ፎቶ ይነሳሉ፤ አንዴም አንድ የሰከረ ሚዜ ወድቆበት በጋቢ ተጠቅልሎ ወጥቷል። ቢሆንም ገንዳ ነውና ሙሉ መሆን አለበት። የመሙላቱ ሥራ ደግሞ የይግዛው ነው።

ችግሩ አለመሙላቱ ነው። ማታ አፉ ድረስ የሞላ ውሃ ጠዋት ጎድሎ ይገኛል። የከተማው ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ቦኖ ላይ ጀሪካኑን አሰልፎ የሚጠብቅ ሰው ዓይኑ የሆቴሉ ግቢ ላይ ነው። ከዚያ ሰልፍ አንድ ወሬ ተወለደ፦ ይግዛው ሰው ሲተኛ ለጠላ ጠማቂዎች ውሃ ይሸጣል።

የሆቴሉ እንግዳ ተቀባይ ልዕልት እንኳ ባየችው ቁጥር አትተወውም።

«ይግዛው፣ ለእኛም ቤት ሁለት ጀሪካን ጣል አድርግልን እንጂ። ለሩቅ ሰው ብቻ ነው እንዴ?»

«አንቺም ጀመርሽ?»

«ምን ላድርግ፣ ውሃው ክንፍ የለው!»

እሷ እንኳ ትቀልዳለች። ጋሼ ዳኛቸው ግን አይቀልዱም። እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ምእመኑ ገና ሳይበተን፣ ደጀ ሰላሙ ላይ አቆሙት።

«ያጎረስኩት ሰው ነው የሰረቀኝ» አሉ ሰው እየሰማ። «ቁልፉን አምጣ! የፓምፕ ቤቱንም የገንዳውንም። ከእንግዲህ እኔው ዘግቼ እኔው እከፍታለሁ። እስቲ ውሃው ካልጎደለ ሌባው ማን እንደሆነ እናያለን። ያኔ መንገድህን ትይዛለህ።»

ሰኞ ጠዋት ከፈቱት። ውሃው ጎድሏል።

«ቁልፍ አስቀርጸሃል!» አሉና አዲስ ጓጉንቸር ገዙ። ማክሰኞም ጎደለ። ያን ጊዜ እያጉረመረሙ ከደብረ ታቦር ኢንጂነር ኤፍሬምን አስጠሩ። ኤፍሬም ዞር ዞር ብሎ አየና በአጭሩ ተናገረ።

«አሁን አትሙሉት፣ ጋሼ። ሊኬጁ፣ ማለት የሚያፈስበት ቦታ ጋ ሲደርስ ውሃው ራሱ ይቆማል። የቆመበትን ቦታ ፈትሹ።»

«ጎዶሎ ገንዳ ዳር ሙሽራ ፎቶ ሊነሳ ነው?»

«ሙሽራው ወደ ሙሽሪት ይይ» ብሎ መኪናው ውስጥ ገባ።

ውሃው ወረደ፣ ወረደና ግድግዳው አጋማሽ ላይ ሲደርስ ቆመ። በማግስቱም ከዚያው ንቅንቅ አላለም። ይግዛው ተመስገን ሊል አፉን ሲከፍት ጋሼ ዳኛቸው ቀደሙት።

«አየህ? መሐንዲስ ሲመጣ ፈራህና ተውክ። በል ጨርቅህን ሸክፍ።»

ሰው ሲደክመው ክርክርም ሥራ ይሆንበታል። ይግዛው ጫማውን አወለቀ። ካፖርቱን አወለቀ። ሱሪውን ሲጀምር ጋሼ ዳኛቸው ወደ ኋላ አሉ።

«ምን ልትሆን ነው? አበድክ እንዴ?»

«ልታጠብ ነው፣ ጋሼ። ስሜን የሚያጥብልኝ ከጠፋ ገላዬን እንኳ።»

በብረት መሰላሉ ወረደ። ቅዝቃዜው ነፍሱን በአፍንጫው ሊያወጣት ደረሰ።

«ኧረ ጉድ! ገንዳው ዋናተኛ አገኘ!» አለች ልዕልት፤ በመስኮት ብቅ ብላ ስልኳን ደቀነች።

ውሃው ደረቱ ላይ ቆመ። እንዳያንሸራትተው ግድግዳውን ሲደገፍ ክርኑ ልክ በውሃው አፍ ላይ አረፈ። ይግዛው ደነገጠ። ክርኑ ይህን ቁመት ያውቀዋል። እዚሁ ጉድጓድ ውስጥ፣ እንዲሁ ቆሞ፣ እንዲሁ ተደግፎ ጠላ ጠጥቶበታል።

ያኔ የግንባታው ዘበኛ ነበር። ዕለቱ ኅዳር ሚካኤል፣ የሚካኤል ማኅበር ተረኛ ደጋሽ ጋሼ ዳኛቸው፤ ድግሱም እዚሁ ግቢ። የገንዳው ግድግዳ አርማታ ገና አጋማሽ ላይ ነበር። ቄሱ ጸሎት ሲጀምሩ አርማታ የሚያቦካው ሚክሰር ያጓራል። ጋሼ ዳኛቸው ነጠላቸውን እንዳደገደጉ ወጥተው «ሚካኤል ቤቴ ገብቶ ሳለ ይሄ ጋኔን ይጮኽብኛል? አጥፉት!» አሉ። ጠፋ። ሠራተኛውም ከጠበል ጻዲቁ እንዳይቀር ተባለና ጠላው ጉድጓዱ ድረስ ወረደ። ባልደረቀው ግንብ አናት ላይ የሲሚንቶ ከረጢት አንጥፈው ጣሳና ዳቦ ደረደሩበት። በማግስቱ ሁሉንም ራሱን አመመው፤ ከዚያ ሰንበት ሆነ። ሥራው ሲቀጥል አዲሱ አርማታ በደረቀው ላይ ተደፋ። ከረጢቱን ያነሳ ሰው ይግዛው አያስታውስም። በመጨረሻ ሴራሚክ መጣ። ሴራሚክ ስንቱን ገመና ይሸፍናል!

በጣቱ የሴራሚኮቹን መጋጠሚያ ዳበሰ። አንድ ቦታ ላይ ተቦርቡሮ ጥፍር ያስገባል። ነቅነቅ ሲያደርገው አንዷ ሴራሚክ ተላቃ ወደቀች። ከኋላዋ ረጅም ስንጥቅ አለ፤ ከስንጥቁ ክር ተንጠልጥሏል። ሳበው። ክሩ ቁራጭ ከረጢት ጎትቶ መጣ።

«ጋሼ፣ ሌባው ተያዘ» አለና ቁራጩን ዘረጋላቸው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የማኅበርዎ ገበታ። ሚክሰሩን ያስጠፉ ዕለት ጠላ የቀረበበት። ግንበኞቹ አርማታውን በላዩ ደፉበት፤ ላይና ታቹ አልተያያዘም፤ ውሃው የሚሾልከው በዚያ ነው።»

ጋሼ ዳኛቸው ከረጢቱን አገላብጠው አዩት። ጆሯቸው ቀላ።

«እና ውሃዬን ሚካኤል ነው ያፈሰሰው ልትለኝ ነው?»

«ሚካኤልማ ምን በወጣው። ሚክሰር አጥፉ ያለው እሱ አይደለም።»

ይግዛው ጥርሱ እየተንገጫገጨ «ስሜን ያጠፉት ሰው ፊት ነው፣ ጋሼ፤ የሚመልሱልኝም ሰው ፊት ነው» አለ።

«እናያለን… ይደርሳል» አሉ ጉሮሯቸውን እየጠረጉ፤ ቁልፎቹን ከኪሳቸው አውጥተው ገንዳው ጠርዝ ላይ አስቀመጡለት። ከመስኮቱ ልዕልት ስልኳን ገና አላወረደችም። ጋሼ ዳኛቸው ወደ ላይ አላዩም እንጂ፣ ሳይመሽ ቦኖ ላይ የተሰለፈ ሁሉ ይህንኑ ንግግራቸውን በስልክ ይሰማዋል።

«በል ውጣ፣ ብርድ ይገድልሃል። ለማክሰኞ ግንበኛ እቀጥራለሁ።»

«ማክሰኞ ዐሥራ ሁለት ነው። ሚካኤል።»

ጋሼ ዳኛቸው አሰብ አደረጉ። «እንግዲያው ጠዋት ይጀምሩና ማኅበርተኛው ሲሰበሰብ ትንሽ ቆም…»

«የለም፣ ጋሼ» አለ ይግዛው፣ ቁልፎቹን በረጠበ እጁ ጨብጦ። «ወይ አይጀመር፣ ወይ አይቋረጥ።»