«አልገባኝም» የምትል አስተማሪ

አያልነሽ ያን ቀን ለሰርግ ብቻ የምታወጣውን ጥቁር ኮት ለብሳ ነበር። ኮልፋክስ ጎዳና ላይ አውቶብስ ሲጠብቁ ልጇ ሔቨን ከላይ እስከ ታች አየቻትና፣ «ማሚ፣ የምትፈተኚው አንቺ ነሽ እንዴ?» አለቻት።

«አስተማሪሽ አይደለሁ? አስተማሪ ተጎሳቁሎ አይሄድም።»

ሔቨንን ከትምህርት ቤት ካስወጣቻት ሦስት ዓመት ሆኗታል። ልጆቹ እየተሳለቁባት፣ በየቀኑ እያለቀሰች ስትመጣ አንጀቷ አልችል ብሎ እቤት ልታስተምራት ቆረጠች። ቸርች ውስጥ ያላወራ አልነበረም። በተለይ ጎረቤቷ ዘሪቱ፣ «አንቺው ራስሽ ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥሽ፣ ልጅቷን ምን ልታስተምሪያት ነው? ወጥ?» ብላ ሰው መሀል አስቃባታለች። ዛሬ የምትፈተንበት ኮሌጅ ሔቨንን በአሥራ ስድስት ዓመቷ ኮርስ እንድትወስድ ከፈቀደላት ለዘሪቱ መልሱ እሱ ነው። ካልፈቀደ ግን ዘሪቱ ልክ ነበረች ማለት ነው።

ሔቨን ገብታ ተፈተነች። ከዚያ የኮሌጁ አማካሪ፣ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ፈረንጅ፣ ሁለቱንም ቢሮዋ አስቀመጠቻቸው። ኮምፒውተሩን አየት አድርጋ፣ «አልጀብራ ማን ነው ያስተማረሽ?» ስትል በእንግሊዝኛ ጠየቀች።

አያልነሽ ጥያቄው ገብቷታል። አውቶብስ ላይ ስታጠናው የመጣችውን እንግሊዝኛ ልትጀምር ጉሮሮዋን ስትጠርግ ሔቨን ቀደመቻት።

«እናቴ። ግን እሷ አልጀብራ አታውቅም።»

አያልነሽ ክው አለች። ከጠረጴዛው ሥር ልጅቷን ቆነጠጠቻት። «ምን ነካሽ አንቺ ልጅ? ልታዋርጂኝ ነው?»

«ማሚ፣ ዌይት!» ሔቨን ፊቷን ወደ ሴትዮዋ መለሰች። «መጽሐፉን እኔ አነባለሁ። ከዚያ ለሷ በአማርኛ አስረዳለሁ። እሷ ሽንኩርቷን እየከተፈች ‹አልገባኝም› ትላለች። ሌላ መንገድ ፈልጌ እንደገና እሞክራለሁ። አሁንም ‹አልገባኝም›! አንዴማ አንዷን ጥያቄ ሳምንት ሙሉ ይዛብኛለች። እሷ ሳይገባት ገጽ አይገለጥም።»

ሴትዮዋ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ አያልነሽን ትክ ብላ አየቻት። «ሳምንት ሙሉ?»

አያልነሽ ያጠናችው እንግሊዝኛ በሙሉ ብን ብሎ ጠፋባት። «ሺ ኤክስፕሌይን ባድ» አለች።

ሴትዮዋ በሳቅ ፈረሰች። ሳቋ ሲበርድላት ኮምፒውተሩን ወደ እነሱ አዞረችው። «ውጤቷ በቀጥታ ኮሌጅ አልጀብራ ያስገባታል። ኦገስት ላይ ትጀምራለች» አለችና ተነሥታ፣ መጀመሪያ የጨበጠችው የአያልነሽን እጅ ነበር።

ገና ከበሩ ሲወጡ አያልነሽ ስልኳን አውጥታ ደወለች።

«ሄሎ፣ ዘሪቱ? ሔቨን ኮሌጅ ገባች!»

«ውይ፣ ጌታ ይመስገን! ቆይ ግን፣ ማን አስተምሯት?»

«እኔ ነኛ!»

«አንቺ? እንዴት አድርገሽ?»

«ምንም ሳላውቅ!» አለች አያልነሽ፣ ማዶ ያለው ሁሉ ዞር ብሎ እስኪያያት።

«ማሚ፣ ቀስ በይ፤ ሰው እያየን ነው።»

«ይየና!» አለችና የኮቷን ኮሌታ አስተካከለች።