ሽቅብ የሚሄደው ድንጋይ

ብኸይታ ሰው ጠርጥራ የማትጠግብ ሴት ነበረች። ጥላዋን ሳይቀር «ማን ልኮህ ነው የምትከተለኝ?» ትለዋለች እያሉ ጎረቤቶቿ ያሟት ነበር።

ያኔ ግብር የሚከፈለው በወርቅ ነው። ከአሶሳ ቁልቁል ባለው ወንዝ ዳር ሴቱ ሁሉ የእንጨት ገበታውን ይዞ ከደለሉ ወርቅ ሲያጥብ ይውላል። የብኸይታና የዓዲላ ቦታ ጎን ለጎን ነው፤ ወሰናቸው ከወንዙ ማዶ የቆመ ጥቁር ድንጋይ። ከድንጋዩ ትይዩ ሽቅብ ያለው የብኸይታ፣ ቁልቁል ያለው የዓዲላ።

ታዲያ ያ ድንጋይ መሄድ ጀመረ። ብኸይታ ጎንበስ ብላ፣ የሚወርደውን ውሃ ትኩር ብላ እያየች ስታጥብ ትቆይና ወገቧን ልታሳርፍ ቀና ስትል፣ ድንጋዩ ቀስ እያለ ሽቅብ ወደ እሷ ድርሻ ይሳባል። ዓይኗን አሸት አድርጋ ስታየው ቀጥ ይላል። አንድ ቀን ተሻግራ ከሥሩ ችካል ተከለች። በማግስቱ ችካሉም ድንጋዩም ባሉበት ናቸው። ሌላ ሰው ቢሆን ይኼኔ ይተወው ነበር። ብኸይታ ግን ዓዲላ ቀን በድግምት እየጎተተች ማታ እንደምትመልሰው «ደረሰችበት»። ሰርቆ የሚመልስ ሌባ ምን እንደሚጠቀም ራሷን አልጠየቀችም።

ከሰሰቻትና ነገሩ የአገሩ ዳኛ ሼህ ማህጁብ ዘንድ ደረሰ። ደንቡ የታወቀ ነው፤ ድግምተኛ ከወንዙ ትባረራለች፤ ተከሳሿ ምላ ነጻ ከወጣች ግን ከሳሿ ቦታዋን ትለቅላታለች። ጁምዓና ሌሎቹ ልጆቿ የሚበሉት ከዚያው ቦታ ቢሆንም፣ ብኸይታ ሼሁን ወንዝ ድረስ ይዛ ወረደች።

ሼሁ ቆመው ድንጋዩን አዩት። ንቅንቅ የለም። ብኸይታም፣ ገና ከመንገድ የመጣ ዓይን አያየውም፣ እንደ እኔ ተቀምጠው መጀመሪያ ውሃውን ይዩ አለቻቸው። ዓዲላ ደግሞ፣ ኋላ እጇ አለበት እንዳትባል፣ ተሻግራ ከድንጋዩ አጠገብ ቁጭ አለችና ሁለት እጇን ሰቀለች።

ሼሁና ብኸይታ ውሃው ላይ አፈጠጡ። ቆይተው ቀና ሲሉ መቁጠሪያው ከሼሁ እጅ ወደቀ። ድንጋዩ ይሄዳል።

«አላልኩዎትም?» አለች ብኸይታ።

«ብለሻል። ዓዲላንስ እያት እስቲ።»

አየቻት። እግሯን አጣጥፋ እንደተቀመጠች ዓዲላም ሽቅብ ትሄዳለች። ከኋላዋ ያለው ሾላም ይሄዳል። ማዶው በሞላ ይሄዳል።

«ሾላውንም የደገመችበት እሷ ናት?»

ብኸይታ ለአፍታ ያንንም አሰበችበት።

ሼሁ ራሳቸውም እየገረማቸው፣ ነገሩን ጮክ ብለው ያሰላስሉት ጀመር። «በር ሲገፋ ድንገት የተከፈተለት ሰው መንደርደሩ አይቀርም። የሚወርደውን ውሃ ስታዪ ናላሽም እንዳይወስደው ሽቅብ ሲገፋ ይውላል፤ ቀና ስትዪ ውሃው ቢቀርበትም መግፋቱን ቶሎ አይተውም፤ የቆመው ሁሉ ሽቅብ የሚሄድ የሚመስልሽ ለዚህ ነው። አሁን ላስምላት ወይስ ክስሽን ታነሺያለሽ?»

ድንጋዩ እስከዚያ ቆሟል፤ ዓዲላም፣ ሾላውም።

«ይቅር» አለች ብኸይታ።

ዓዲላ ከማዶ እጇን አወረደች። «የጁምዓ እናት፣ ተሻግሬ ልምጣ ወይስ ድንጋዩ ያምጣኝ?»

«በእግርሽ ነይ» አለቻት። ዓዲላ ውሃውን ተሻግራ እስክትወጣ ድረስ ግን ዓይኗን ከድንጋዩ ላይ አላነሳችም።