የሂላሪያ የሐር ጉርድ

ሥዕሉ ለስፔን ንጉሥ የሚላክ ነበር፤ የቅኝ ከተማው የሊማ ሰው በየዘሩና በየልብሱ። እመቤቷ በሐር፣ ዓሣ ሻጯ በጥጥ፣ ባሪያው በማቅ። እኔ ካሲሚሮ ደግሞ በዓይኔ ያላየሁትን ልብስ መሣል አልችልም፤ ጉድ የሠራኝም ይኸው ነው። ለእመቤቷ የሐር ጉርድ ቀሚስ ቢቸግረኝ እህቴን ሂላሪያን የራሷን ጉርድ አልብሼ አቆምኳትና ቡናማ መልኳን እንዳለ ሣልኩት። ጉርዱን እመቤቶች ቤት ስትሰፋ ከሚተርፋት ቁራጭ ሦስት ዓመት ሙሉ ገጣጥማ የሠራችው ነው። ለክልስ ሴት ሐርና የወርቅ ጥልፍ በአዋጅ ክልክል ስለሆነ የምትለብሰው በር ዘግታ ነው።

ቀለሙ ሳይደርቅ የአዋጅ አስከባሪው ዶን ባልታሳር ሥራውን ሊያይ ከች አለ።

"ይቺ ማን ናት?" አለ፣ በዱላው ሥዕሉን እያመለከተ። "ክልስ በሐር?"

ሂላሪያ ጥግ ላይ ቀለም ትፈጫለች። ሻሿን እስከ ዓይኗ ሳበችው። ጉርዱ ያለው እሷ የተቀመጠችበት ሣጥን ውስጥ ነው። ከተገኘ ጉርዱ ይቃጠላል፤ እሷም አደባባይ ላይ ሃያ አምስት ጅራፍ ትቀምሳለች።

"ሳታይ እንደማትሥል አገር ያውቃል። ስሟን ተናገር!"

ብሩሼን አነሣሁ። "ኧረ ጌታዬ፣ መች አለቀና! እኛ መጀመሪያ ቡናማ እንቀባለን፤ ነጩ በላዩ ነው የሚመጣው።" ግማሹ እውነት ነው፤ ውሸትም የሚያምርበት እንዲህ ሲሆን ነው።

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። "እንግዲያው እያየሁህ ጨርሰው።"

"ነጭ አምጪ" አልኳት፣ ቀና ብዬ ሳላያት። "ወፈር አድርጊው።"

ከሣጥኑ ተነሥታ ሰሃኑን አቀበለችኝ። ሸራው ላይ ግንባሯን፣ ጉንጯን፣ አንገቷን፣ ሁለት እጆቿን በነጭ ሸፈንኳቸው። አፈርኩ፤ ግን አላቆምኩም።

"እንዲህ ነው እንጂ!" አለ ዶን ባልታሳር። "የጨዋ ልጅ እኮ ከአቋቋሟ ታስታውቃለች። ይሄን ልብስ ይቺን ገረድህን ብታለብሳት እንዲህ ትቆምልሃለች?"

"አትቆምም ጌታዬ።"

እሱ እንደወጣ በሩን ቀርቅሬ ሳቅኩ። "እሰይ! ተረፍን እኮ!"

ሂላሪያ አልሳቀችም። ሸራውን ቆማ አየችው። ከዚያ ሣጥኑን ከፍታ ጉርዱን አወጣችና ጉልበቴ ላይ ጣለችው።

"ሽጠው፣ ወንድምዓለም።"

"ምን ሆነሻል? የሦስት ዓመት ልፋትሽን?"

"የኔ አይደለም" አለች፣ ሸራው ላይ ወዳለችው ነጭ እመቤት እያመለከተች። "ለሷ ሰጥተኸዋል።"